ዶን ኤልፒዲዮ ከአገር ሊወጡ ሲሉ

ዶን ኤልፒዲዮ ሳልዲቫር አራቱንም ጎማ ሊያስቀይሩ ጎሚስታ የገቡት አሮጌዋ ፒክአፕ እስከ ሜክሲኮ ድረስ መንገድ ላይ እንዳትጥላቸው ብለው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ፖም ሲለቅሙና ሲያሽጉ የኖሩበትን የያኪማ ሸለቆ ሊለቁ ቆርጠዋል። ውሳኔያቸውን የምታውቀው ልጃቸው ናዬሊ ብቻ ናት፤ እሷም ከሰማች ወዲህ ከአባቷ ጋር በቅጡ አልተነጋገረችም።

የቆየ ወዳጃቸው ጎሚስታው ቾን ጎማውን እየፈታ ሳለ ኢትዜል ጎማ ተንፍሶባት ገባች። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ሲያትል ሄዳ ሕግ ተምራ አሁን ከአንዲት ጠበቃ ጋር ትሠራለች።

«ዶን ኤልፒዲዮ! እንዴት ሰነበቱ? አራት አዲስ ጎማ! ሊሞሸሩ ነው እንዴ?»

«ምን እሞሸራለሁ ልጄ፣ አገሬ ልገባ ነው እንጂ። ለሁልጊዜው።»

የቾን መፍቻ ቆመ። ኢትዜልም ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

በዚያ ሰሞን የሸለቆው ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ቤተሰቡን የሚስመው ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ነበር። የስደተኞች መመሪያ በላይ በላዩ ይለዋወጣል፤ አንዱ የሰማውን ሌላው አባብሶ ያወራል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ የጎረቤቱን ፍርሃት ተውሶ ይፈራ ነበር። ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው፤ የአንዱ ታሪክ የሌላው አይደለምና።

«ሂድ ብሎ የመከረዎት ማነው?» አለች ኢትዜል።

«ያ ገበያው ጥግ ወረቀት የሚሞላው ሰውዬ። ‹ውጣ፤ ልጅህ ዜጋ ናት፣ ከዚያ ትጠራሃለች፤ ዓመት ሳይሞላ ትመለሳለህ› አለኝ።»

«ጠበቃ ነው?»

«ክራቫት ያስራል።»

«ቾንም ለሠርግ ክራቫት ያስራል፤ ጥርስዎን እንዲነቅልዎት ግን አይፈቅዱለትም! ያ ሰው ራፖር ጸሐፊ ነው ዶን ኤልፒዲዮ። ድንበሩን በተሻገሩባት ቀን ያለ ፈቃድ የኖሩበት ዘመን ተቆጥሮ አሥር ዓመት እንዳይመለሱ የሚያግድ ሕግ አለ። ይህን ነግሮዎታል?»

«አሥር ዓመት?» አሉ ዶን ኤልፒዲዮ፤ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ብቀርስ ምን ላገኝ? አንቺ ተምረሻል፤ እኔም ግን ቴሌቪዥን አያለሁ። ለዜጋ ቤተሰብ የተከፈተው መንገድ ተዘጋ ተብሏል። ልጄ ፊት በካቴና ከምወሰድ፣ በገዛ እግሬ ብሄድ አይሻልም?»

«የተዘጋው ለባልና ለሚስት ታስቦ የወጣው ነው። እሱ መመሪያ ነበር፤ ፍርድ ቤት ሻረው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ዜጋ ለአባቱ የሚያመለክትበት መንገድ ግን በሕግ የተጻፈ ነው፤ ባለሥልጣን በተለወጠ ቁጥር የሚቀደድ አይደለም። ናዬሊ ሃያ አንድ ሞልቷት የለም?»

«ሞልቷታል። ጠይቃም ነበር፤ በበረሃ ሾልኮ ለገባ አይሆንም አሏት።»

«ለእንዲያ ያለ ሰው በእርግጥ ይከብዳል። እርስዎ እንዴት ነው የገቡት?»

«እሱንማ እኔ ልንገርሽ!» አለ ቾን ከጎማው ላይ ቀና ብሎ። «ሦስት ሌሊት በእግሩ! ውሃ ሲያልቅበት ቁልቋል እየመጠጠ! እባቡንም በጫማው—»

«ቾን፣ ተው።» ዶን ኤልፒዲዮ ፊታቸው ቀላ። «እባብ አልነበረም።»

«ምን?»

«በረሃም አልነበረም። በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። ያውም አየር ማቀዝቀዣ ባለው።»

ቾን መፍቻውን ጣለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስታስለቅሰኝ ኖረህ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ሁላችሁም የበረሃ ታሪክ አላችሁ። እኔ መስኮቱን ተደግፌ ተኝቼ መጣሁ ልበል?» ወደ ኢትዜል ዞሩ። «ለትምባሆ ለቀማ የውል ሥራ ነበር፣ ከነቪዛው። ድንበሩ ላይ፣ ላሬዶ ድልድይ፣ መኮንኑ ፓስፖርቴን አይቶ ማኅተም መታልኝ። ውሉ ሲያልቅ ሳልመለስ ቀረሁ። ወረቀት ለሚሞላው ሰውዬም ለናዬሊም የነገርኳቸው ግን የበረሃውን ነው።»

ኢትዜል ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ድምጿ ዝግ አለ። «ከዚያ ወዲህ ወጥተው ተመልሰው ያውቃሉ?»

«እናቴ ስትሞት እንኳ አልሄድኩም» አሉ። «ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት። ወንድሜ ስልኩን ወደ ላይ አቅንቶ ይዞት፣ የታየኝ ግማሹ ሰማይ ነበር።»

ኢትዜል እጃቸውን ያዘች። እንዲህም አለቻቸው፦ «ወጥተው ሾልከው ቢመለሱ ኖሮ መንገዱ ይዘጋብዎት ነበር። በበር ተፈትሾ የገባ ሰው ቪዛው ቢያልፍበትም፣ ዜጋ ልጁ ካመለከተችለት ከዚህ ሳይወጣ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል።»

«ፓስፖርቱ እኮ ጠፍቷል።»

«መንግሥት በድንበር የገባውን ሰው መዝገብ ይይዛል፤ ይጠየቃል። ወንጀልስ?»

«አንዴ ያለ መብራት ብስክሌት ስነዳ ፖሊስ ተቆጥቶኛል።»

«እሱን እንከራከርበታለን» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ።

ዶን ኤልፒዲዮ ግን አንድ ፍርሃት ቀርቷቸው ነበር። «አድራሻዬን ሰጥቼ ቤቴ ቢመጡስ?»

«በዚህ ጊዜ ምንም ስጋት የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ስለዚህ ነው አንዲት ወረቀት ከመግባቷ በፊት ጠበቃዋ ሁሉን የምትመረምረው። ለእሷ ግን እንደ ንስሐ አባትዎ ቆጥረው እውነቱን ይንገሯት፤ እባብ እንዳይጨምሩ!»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡና፣ «ቾን፣ ጎማውን እሰር። ነገ ወደ ጠበቃዋ ነው የምነዳው» አሉ።

ማታ ለናዬሊ ሲነግሯት መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ አቅፋቸው አለቀሰች፤ በመጨረሻ «በአውቶቡስ!» እያለች እስኪያማት ሳቀች። ጠበቃዋ መዝገቡን አስፈልጋ አገኘችው፤ ናዬሊም አመለከተች። ቀላል አልነበረም። ቀጠሮ ተራዘመ፤ ዶን ኤልፒዲዮ ለሥራ በወጡ ቁጥር ልባቸው ይመታ ነበር። በቃለ መጠይቁ ቀን ጠበቃዋ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ የተጠየቁትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መለሱ። ፈቃዱም መጣ።

እነሆ ጥቅሙ፦ ዶን ኤልፒዲዮ ዛሬ በገዛ ስማቸው ይሠራሉ፤ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፤ አለቃ ሲበድላቸው ይናገራሉ። የእናታቸውን መቃብር ጎብኝተው በዚያው ድልድይ ተመልሰዋል። ወደ እሳቸው የሚመጣውን ፈሪም ይመክራሉ፦ ክራቫት አይቶ ከማመን ፈቃድ ያለው ጠበቃ መጠየቅ፣ ሳያነቡ አለመፈረም፣ ሳይጠይቁ ከአገር አለመውጣት። መልሱ ለአንዳንዱ «መንገድ የለህም» ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ከእውነተኛ ሰው መስማት ይሻላል።

ፖም ባበበበት ሰሞን አንድ እሑድ ናዬሊ አባቷን ወደ ውቅያኖስ ወሰደቻቸው። ያን ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ እንዳይያዙ ፈርተው አይተውት አያውቁም ነበር። ዶን ኤልፒዲዮ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገቡ፤ ማዕበሉ ሲመታቸው እንደ ልጅ ጮኹ።

«ይበርዳል፣ ይውጡ አባዬ!» አለች ናዬሊ ከዳር ሆና።

«ምን አጣደፈሽ?» አሉ፣ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ጨምረው።