የጋሽ ሽብልቅ የመጨረሻ ወንበር

ሁላችንም ጋሽ ሽብልቅ እያልን ስንጠራቸው የኖርን፣ ዛሬ ግን ብንጠራቸው የማይመልሱልን አናጺ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ እያጠቡ ቤቱን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። መኖሪያቸው ከመሰንጠቂያው አጥር ጋር የተለጠፈ አንድ ክፍል ስለነበር፣ እናታቸው ይሉ እንደነበረው፣ ሕፃኑ የሚያለቅሱት መጋዙ ሲቆም እንጂ ሲጮህ አልነበረም።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው መካከለኛ እንደነበሩ ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር እየተንገዳገደ ጽሕፈታቸውን ቢያበላሽባቸው፣ ከመሰንጠቂያው ግቢ የለቀሟትን ቀጭን ሽብልቅ ከእግሩ ሥር ሰክተው አስተካከሉት፤ ይህን ያየ የክፍሉ ልጅ ሁሉ "የኔንም፣ የኔንም" እያለ ስላስቸገራቸው፣ ኪሳቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሽብልቅ ተለይቶ አያውቅም። ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

ትምህርታቸውን እንዳቆሙ በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ተቀጥረው ሙያውን ከተማሩ በኋላ፣ ከአንድ መጋዘን ጎን የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተው አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ሲሠሩ ኖረዋል። ከእጃቸው የወጣ ዕቃ ተንገዳገደብኝ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ዋጋው ተወደደብኝ የሚል ግን ሞልቷል። ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ጠባያቸው ነው። በጽሕፈት ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ወጣት ሴት በአንድ ሻይ ቤት የተቀመጡበት ጠረጴዛ እየተንገዳገደ ሻያቸውን ሲያፈስባቸው ጋሽ ሽብልቅ ከሩቅ አዩና፣ መታገሥ አቅቷቸው ይቅርታ እንኳን ሳይጠይቁ ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። ባለቤታቸው "ባሌን መጀመሪያ ያወቅሁት በጫማው ሶል ነው" እያሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲያስቁን ኖረዋል።

ትዳራቸው በሁለት ሴቶች ልጆች ተባርኮ ነበር። የመጀመሪያዪቱ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ደካማ ስለነበር ከእኩዮቿ ጋር ሮጣ መጫወት አልቻለችም፤ ስለዚህ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች የምትጫወትበት፣ የፊት ግድግዳው ክፍት የሆነ፣ አንድ ሰው አቅፎ የሚያነሳው ባለ ፎቅ ትንሽ ቤት ከጣውላ ሠሩላት። ልጅቱም በተራዋ ለአሻንጉሊቷ ወንበርና ጠረጴዛ አዘዘች። ጋሽ ሽብልቅ ለዚህ ሥራ ሜትር አይረባም ብለው ለቤቱ የራሱን መለኪያ አወጡለት፤ የልጃቸው ትንሿ ጣት የዚያ ቤት አንድ ክንድ እንድትሆን ተወሰነ። የወንበር መቀመጫ ክንድ፣ ጠረጴዛ ክንድ ከስንዝር፣ ሁሉም በዚያች ጣት ይለካ ጀመር።

የመጀመሪያውን ወንበር በሠሩ ቀን ግን ልጅቱ ተኝታ ስለነበር፣ እንዳይቀሰቅሷት ብለው በራሳቸው ትንሽ ጣት ለኩት። ወንበሩ ቁመቱ ከጠረጴዛው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም፤ አሻንጉሊቷ ብትቀመጥበት ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ፣ እግሯም ወለል አልነካ አለ። አፍረው ሊሰብሩት ሲሉ ልጅቱ ቀማቻቸው፤ "ይሄማ የአባዬ ነው፤ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?" ብላም ከትንሿ ቤት በር አጠገብ አኖረችው። እሳቸውም ዳግመኛ እንዳይሳሳቱ፣ በጣቷ ልክ ስንጥር ቆርጠው ከእርሳሳቸው ጋር በደረት ኪሳቸው ያዙ።

ልጅቱ አንደኛ ክፍልን ሳትጨርስ ዐረፈች። ስንጥሯ ከኪሳቸው አልወጣችም።

ስለዚያ ጊዜ ጋሽ ሽብልቅ ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ እሑድ እሑድ ወርክሾፓቸውን ከውስጥ ዘግተው ለትንሿ ቤት ዕቃ መሥራታቸውን ግን ቀጠሉ። ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃ ትገባበት በነበረው ዓመት መሳቢያው የሚከፈት የጥናት ጠረጴዛ ሠሩ፤ እኩዮቿ መዳር ሲጀምሩ ጠባቧን አልጋ አውጥተው ሰፊ አልጋ አስገቡ፤ ከዚያ የሁለት ሰው ልብስ የሚይዝ ቁም ሣጥን መጣ፤ ቆይቶም፣ ባለቤታቸው አይተው አልቅሰው የወጡበት የሕፃን አልጋ መጣ። ዕቃው ዕድሜዋን እየተከተለ ከዓመት ዓመት ሲለወጥ፣ መለኪያው ግን ያችው የሰባት ዓመት ልጅ ጣት ነበረች።

ታናሺቱ ልጃቸው እኅቷ ባረፈች በዓመቱ ተወልዳ ይህችን ቤት እያየች አደገች እንጂ አልተጫወተችባትም። አባቷ በቁጣ የሚታወቁ ሰው ባይሆኑም፣ ወደ ትንሿ ቤት በቀረበች ቁጥር ካሉበት ሆነው "እጅሽን!" ይሏታል፤ እሷም እጇን ሰብስባ ከጀርባዋ ትደብቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤት የሌሉ መስሏት፣ በጨርቅ የጠቀለለችውን የእንጨት ማንኪያ በዚያች ሰፊ አልጋ ላይ አስተኝታ እሹሩሩ ስትል ደረሱባት። አልተቆጡም፤ ማንኪያዋን አውጥተው ሰጧት፣ አልጋውን አስተካከሉ፣ ወጡ። ቢመቷት ይሻላት እንደነበር ካደገች በኋላ ለእናቷ ነግራለች። ጋሽ ሽብልቅ በዚህ ሲወቀሱ "ለሷ የእውነቱን አልጋ፣ የእውነቱን ጠረጴዛ ሠርቼላት፣ ምን ጎደለባት?" ይሉ ነበር። የጎደለባት ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ ነገር እንደሆነ፣ የሰውን ሁሉ ቤት ልክ የሚያውቁት ሰው ሳያውቁት ብዙ ዘመን አለፈ።

ታናሺቱ አድጋ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነች፤ አግብታም ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። አባቷ በአውቶቡሷ በተሳፈሩ ቁጥር የላላ የመቀመጫ ብሎን እየፈለጉ ሲነካኩ በመስተዋቱ ታያቸውና "አባዬ፣ እጅህን!" ትላቸው ነበር። ተሳፋሪው ይስቃል፤ ሁለቱ ግን በመስተዋቱ ይተያዩ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ትንፋሽ እያጠራቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው፣ ሳንባቸውን የጎዳው የእንጨት ብናኝ መሆኑ ሲነገራቸው፣ "እኔ እንጨቱን የምበላው መስሎኝ፣ ለካ እሱ ሲበላኝ ኖሯል" ብለው ወርክሾፓቸውን ዘጉ። ቀጥሎም እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻም አልጋ ላይ ዋሉ። ልጃቸው ከሥራ መልስ እየመጣች ትራሳቸውን ታደላድል፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸው ነበር።

በአንዱ ከሰዓት በኋላ እንደተለመደው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለች "እጅሽን" አሏት። እሷም ሳታስበው እጇን ሰብስባ ከጀርባዋ ደበቀች። ጋሽ ሽብልቅ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያም "ስጪኝ ማለቴ ነው፣ ልጄ" አሏት። ትንሿን ጣቷን በቁራጭ እንጨት ላይ አጋድመው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው በእርሳስ ምልክት አደረጉበት፤ ትሪ ጉልበታቸው ላይ አስደርገውም በዚያ ልክ ወንበር መሥራት ጀመሩ። "አባዬ፣ ይሄ ለቤቱ ይተልቃል እኮ" ብትላቸው "አንቺስ ትንሽ ነሽ እንዴ?" ብለው መለሱላት። እግሮቹ ተቆርጠው በር አጠገብ ከቆየው ከአባዬ ወንበር ጋር ቢያስተያዩአቸው፣ በመካከላቸው ልዩነት ጠፋ፤ ታናሺቱ የአባቷን እጅ ይዛ ኖሯል የተወለደችው።

ሦስቱን እግሮች ቀስ እያሉ ገጠሙ። አራተኛው ትሪው ላይ እንዳለ፣ ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አራተኛውን እግር የገጠመችው ልጃቸው ናት። የአናጺ ልጅ እንጂ አናጺ አይደለችምና ትንሽ አጠረባት፤ ወንበሩ ይንገዳገዳል። ትናንት ከአባቷ ወንበር ጎን፣ ከትንሿ ቤት በር አጠገብ አኖረችው። እናቷ ከባላቸው ኮት ኪስ ያገኙትን ሽብልቅ ቢሰጧት አልተቀበለችም። "ተይው እማዬ፣ ይንገዳገድ" አለች፤ "አባዬ የሚንገዳገድ ነገር እያየ ተኝቶ አያውቅም።" በክፍሉ የነበርነው ሁሉ ሳናስበው ወደ ባዶው አልጋ ዞርን።

ጋሽ ሽብልቅ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም እሳቸው ባስተካከሉት ጠረጴዛ ዙሪያ ዛሬም የሚቀመጡ ብዙ ወዳጆቻቸውን ትተው፣ ሲመጡ የሚቀመጡበትን አስቀድማ ወዳሰበችላቸው ልጃቸው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በማይናወጥ ስፍራ ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም ከእግራችን ሥር ገብቶ ይደግፈን።