የተቆለፈው መልእክት

ሐጂ ዑስማን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ በግንብ በታጠረችው በጀጎል የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ማክሰኞ ሃምሳ ሽማግሌዎች የፈረሙበትን ወረቀት ይዘው ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ፣ ሸዋ በር በሚባለው የግንቡ በር፣ ሚኒባስ መቆሚያው ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ሱመያን አገኟት። ሱመያ ኮምፒውተር ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ናት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ፤ ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። በስልክ ተማክረው ሰው ያገቱትን ሰምተሻል። መንግሥት በስልክ የሚላከውን የተቆለፈ መልእክት ሁሉ የሚከፍትበት ቁልፍ ይኑረው ብለን ልንጠይቅ ነው።»

«የሰውን ሁሉ መልእክት?»

«አዎ፣ የሁሉንም! ጥፋት የሌለበት ምን ያስፈራዋል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ ቁልፉን የሚይዘው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ክፉ ቢሆንስ? ሌባስ ቢሰርቀው?»

«ታዲያ አጋቹ ያምልጥ?»

«የተጠረጠረው ሰው ስልክ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈተሽ። ስለ እሱ ብለን የከተማውን ሁሉ በር ለምን እናፈርሳለን?»

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። ወዲያው ቢላል የሚባል ጎልማሳ ከኋላ መጥቶ እጃቸውን ሳመ። ቢላል የሚሠራው በዚያው ጽሕፈት ቤት ነው። ሚስቱ ሙና፣ እሱ እጇን ሰብሮባት፣ ከቤት ከጠፋች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ከከተማው ሰው ያለችበትን የሚያውቁት፣ ሶፊ በሚባል ገጠር እህታቸው ዘንድ ያስጠጓት ሐጂ ብቻ ናቸው።

«ወረቀቱ ይኸው ነው?» አለ ቢላል። «የሚደርሰው እኛ ክፍል ነው። ይፈቀድ እንጂ ሙና ከማን ጋር እንደምታወራ በአንድ ቀን አውቃለሁ።»

በዚህ መሐል የሐጂ ስልክ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። ሙና በየቀኑ በዚህ ሰዓት በድምፅ የተቀዳ መልእክት ትልክላቸዋለች።

ቢላል ኪሳቸውን ትኩር ብሎ አየ። «መልእክት ገባልዎ።»

«ይቆያል» አሉ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ረዳቱ ሲጣራ ቢላል ሮጦ ገባ።

ሐጂ ግንቡን ተደገፉ። «ልጄ፣ አሁን ይህን መልእክት መንገድ ላይ ይዞ የሚከፍተው አለ?»

«ከላኪውና ከእርስዎ በቀር ማንም አይከፍተውም።»

«ያ ቁልፍ ቢኖርስ?»

«ቁልፉን የያዘ ሁሉ ይከፍተው ነበር።»

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከመግሪብ ሶላት በፊት የፈረሙትን ሽማግሌዎች ቤታቸው ሰብስበው የሱመያን ቃል አስረዱ፤ የሙናን ነገር ግን አላነሡም።

አንዱ ሽማግሌ ተቆጡ። «ሐጂ፣ እርስዎም የሚደብቁት አለ ማለት ነው?»



«አለኝ» አሉ ሐጂ። «የሰው ነፍስ ያለበት አደራ አለኝ። እናንተም ስታስታርቁ የሰማችሁት፣ ሐኪሙም ከበሽተኛው የሰማው አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይግባ ብዬ አልፈርምም።»

አዲስ ወረቀት ተጻፈ፤ በወንጀል የተጠረጠረ በዳኛ ትእዛዝ እንዲፈተሽ፣ የሌላው ሰው ምሥጢር ግን እንዲከበር የሚጠይቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ሕግም ይሠራል፤ የተበደለም ያለ ፍርሃት ለሽማግሌ ይናገራል። ከሃምሳው ሠላሳ ስምንቱ ፈረሙ። «እኔም የሰው አደራ አለብኝ» ብለው ከሁሉ በፊት የፈረሙት እኒያ የተቆጡት ሽማግሌ ነበሩ።