የአቶ እንግዳ በጎች ፀጉር ለምን ሳሳ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጳጉሜ አራት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አቶ እንግዳ አሥራ አንድ በግ ፊታቸው አስቀድመው ከለቡ ወደ መካኒሳ ሲሄዱ ያያቸው ሁሉ «ሽማግሌው ደግሞ የበዓል ነጋዴ ሆኑ እንዴ?» ይል ነበር። እሳቸው ግን ንግድ አላማራቸውም። አሥራ አራት ዓመት ያረቧቸውን በጎች አንድም ሳያስቀሩ ሸጠው ሊገላገሉ መውጣታቸው ነው። ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በረቱ በር ላይ ቆመው «እንዲያው ለፈትል እንኳ ሁለቱን ተዉልኝ» ብለው ለምነዋቸው ነበር። «በረከት የራቀው ከብት ምን ይሠራልሻል?» አሏቸውና ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

አቶ እንግዳ የመንዝ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ መጥተው በአንድ ፋብሪካ ጥበቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የአገራቸው ብርድ ከአጥንታቸው ስላልወጣ ይሁን ናፍቆት ይዟቸው፣ ባለ ፀጉር በግ የሌለበት ቤት ቤት አይመስላቸውም ነበርና ሦስት እናት በግና አንድ አውራ ከመንዝ በጭነት መኪና አስመጡ። ፀጉሩን ወይዘሮ አምሳለ ይፈትሉታል፤ ያገራቸው ልጅ ሸማኔው ራጉኤል ለብርድ የሚደረብ ባና አድርጎ ይሠራዋል። አቶ እንግዳ ደግ ሰው ናቸው፤ ጾም ጸሎት ያውቃሉ፤ የተቸገረ አይተው አያልፉም። አንድ ነገር ካመኑ ግን ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ይህን ጠባያቸውን ያልቀመሰ ጎረቤት የለም።

ጳጉሜ በገባ ቁጥር ዓመቱን መመርመር ልማዳቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ሲመረምሩ ያገኙት ሁሉ መራራ ሆነባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሚሳኤል የሚባል የመካኒሳ አናጢ ልጃቸውን ጸደንያን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እሳቸውም «አገሩን አላውቅ፣ ዘመዱን አላውቅ» እያሉ ሦስቱንም ጊዜ መለሱ። ልጆቹ በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈርመው ተጋቡ። በዚያው ክረምት አራት ግልገሎች በተከታታይ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የበጎቹ ፀጉር መሳሳትና የግልገሎቹ መቀጨጭ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። አቶ እንግዳ ነገሩን ገጣጠሙና ፈረዱ፦ ልጄ ቃሌን ስለረገጠች እግዚአብሔር በረከቱን ከቤቴ አነሣ። ጸደንያም ከዚያ ወዲያ በራቸውን አልረገጠችም። ሐዘናቸው ከበጎቹ ይልቅ እዚህ ላይ ነበር፤ ግን ለማን ይናገሩታል?

መካኒሳ አቦ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዝናቡ ድንገት ወረደ። በጎቹን እየገፉ አንድ ወፍጮ ቤት ጥግ ሲጠጉ፣ ከታክሲ የወረደች አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጥታ አጠገባቸው ተጠለለች።

«አባባ እንግዳ! እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የኢታና ልጅ ነሽ፣ ገላኔ? አድገሽ እኮ ልስትሽ ነበር። ትምህርቱስ?»

«ደኅና ነው፤ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና እየተማርኩ ነው። ለበዓል መምጣቴ ነው። እነዚህን ሁሉ የት ይወስዷቸዋል?»

«ልሸጣቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ልጄ። በረከት ከራቀ ቆይቷል።»

ገላኔ የለቡ ነባር ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ከብት መሐል ነው ያደገችው፤ ከጸደንያም ጋር ትተዋወቃለች። ጎንበስ ብላ የአንዷን በግ ፀጉር በጣቶቿ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ሁለተኛዋንም እንዲሁ። የሰው በግ ያለ ፈቃድ መንካቷ አቶ እንግዳን ትንሽ ቅር አሰኛቸው።

«አባባ፣ የእነዚህ አባት የትኛው ነው?» አለች።

አቶ እንግዳ በዱላቸው አንድ ደረተ ጠባብ፣ ፀጉሩ የተበጣጠሰ ጥቁር በግ አመለከቱ። «ያ ነው። ከእሱ በፊትም አባቱ ነበር።»

«ከሌሎቹ ሁሉ እሱን ለአባትነት ለምን መረጡት?»

«ምን መምረጥ አለው? ሌላ ስላልተረፈ ነዋ።»

«ሌሎቹ ወንዶች የት ሄዱ?»

«አንቺ ደግሞ! የት ይሄዳሉ? በያመቱ ጥቅምት አምስት ቀን ለአቦ ስለት አገባለሁ፤ ከወንዶቹ ያማረውን መርጬ። ቀጥሎ ያማረውን ለፋሲካ አርዳለሁ። ሰውነቱ ያማረ ሌላ ካለም ገና ሳይጎለምስ ቀጥቅጬ ሙክት አደርገዋለሁ። ከሲታውን ማን ይፈልገዋል? እሱ በረት ይውላል።»

«በረት ውሎም ከእናቶቹ ጋር ይሆናል።»

«ከማን ጋር ይሁን ታዲያ?»

ገላኔ ፈገግ ልትል ፈለገችና በጨዋነት ዋጠችው። «አባባ እንግዳ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልናገር። የእርስዎ በጎች በረከት አልራቃቸውም። ያማረው ወንድ ሁሉ ልጅ ሳይወልድ ከቤትዎ ይወጣል፤ ማንም ያልፈለገው ደግሞ አባት ይሆናል። ልጁም እሱን ይመስላል። በያመቱ እንዲህ ሲሆን አሥራ አራት ዓመት ሞላው። እኛ ይህን በክፍል ተምረነዋል፤ ግን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።»

አቶ እንግዳ ደማቸው ፈላ። በልጅነቷ እርጎ ያጠጧት ልጅ ስለ ስለታቸው ልታስተምራቸው ነው!

«እና ለእግዚአብሔር ከሲታውን ልስጥ ነው የምትይኝ? እኔ ለራሴ የማልበላውን ለቤተ ክርስቲያን አልወስድም። ትምህርታችሁ ይህን ካስተማራችሁ በአፍንጫዬ ይውጣ።»

«እንዲህማ አላልኩም። ይልቅ ልጠይቅዎት፤ መንዝ ሳሉ አባትዎ ገብስ ይዘሩ ነበር?»

«ታዲያ ምን ሊዘሩ ኖሯል?»

«ለዘር የሚሆነውን ከየት ያነሡ ነበር?»

አቶ እንግዳ የአገራቸው ነገር ሲነሣ ለዘብ ይላሉ። «አባቴማ ገና ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ እየዞሩ ዛላው የሞላውን ይመርጡ ነበር። ለብቻው ይወቃል፣ ለብቻው ይቀመጣል። አንድ ክፉ ዓመት ላይ እኛ ልጆቹ ተርበን እያለቀስን እንኳ ያን ጎታ አልከፈቱትም።»

«ለቤተ ክርስቲያንስ ገብስ አይሰጡም ነበር?»

«ይሰጣሉ እንጂ። ከቀረው።»

«ምርጡን ለዘር አስቀርተው ከቀረው መስጠታቸውን ቄሱ አልተቆጧቸውም?»

«ለምን ይቆጣሉ? ዘሩ ከተበላ ለከርሞ ቤተ ክርስቲያኑስ ምን ያገ...» አቶ እንግዳ ቃሉን ሳይጨርሱት አፋቸውን ያዙ።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችንን ስሕተት ልብ ይሏል። ሰው በአንድ እጁ የሚያውቀውን በሌላው እጁ ይዘነጋዋል። አቶ እንግዳ ዘር የሚበላ ገበሬ ቢያዩ እብድ ነው ይሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የበጎቻቸውን ዘር ሲበሉ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው።

ገላኔም ለሰስ ባለ ድምፅ ቀጠለች። «ለአቦ ምርጡን ይስጡ፤ እኔም እንዲቀር አልፈልግም። ግን ጊዜውን ይለውጡት። ያማረው አውራ መጀመሪያ ሁለት ዓመት በረት ይዋል፤ ልጆቹ ይወለዱ፤ ከልጆቹ የሚተካው ሲገኝ እሱን ወስደው ለስለት ያግቡት። ያን ጊዜ ዛሬ ከሚሰጡት ይልቅ ትልቅና የሰባ ይሆናል። ከሲታዎቹን ነው መቀጥቀጥ ያለብዎት። በየሦስት ዓመቱ ደግሞ አባት የሚሆነውን ከሌላ ሰው መንጋ ያምጡ፤ እኅት ከወንድም እንዳይገናኝ።»

«እሺ፣ ይህስ ይሁን» አሉ አቶ እንግዳ፤ ድምፃቸው ግን ሻክሮ ነበር። «ጸደንያ በወጣች ክረምት የሞቱት አራቱ ግልገሎችስ? ይህንም በትምህርትሽ ፍችው። ወይስ እሷ ናት የላከችሽ?»

«አልላከችኝም። ማዪ ካሉኝም እምላለሁ። ግልገሎቹ አባታቸው ማን ነበር?»

«የዚህ የጥቁሩ አባት።»

«በረቱስ? ክረምት ውሃ ይይዛል?»

«ቁርጭምጭሚት ድረስ ነዋ።»

«ደካማ ግልገል ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይሞታል። መሬቱን በድንጋይ ከፍ ያድርጉት። ሌላም ልጠይቅዎት። ይህ የለበሱት በርኖስ መቼ ነው የተሠራው?»

«በጎቹ በመጡ በሦስተኛው ዓመት። የስምንት በግ ፀጉር ነው፤ ተርፎም ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ የተሠራ አለ?»

የአቶ እንግዳ ፊት ጠቆረ። «አንድ ባና አለ። አሥራ ሁለት በግ ሸልተን፣ አምሳለ ፈትላ፣ ለራጉኤል ሰጠሁት። ሲያመጣው ከወገብ አይወርድም። ከፈትሉ ሰርቀሃል አልኩት። እሱ ማለለኝ፤ እኔ አላመንኩትም። እስከ ዛሬ እዚያው ለቡ እየኖርን ሰላምታ የለንም።»

«ባናው ለማን ነበር?»

«ለጸደንያ። ማታ ስታጠና ይበርዳት ነበርና... ዘጠነኛ ክፍል የገባች ዓመት ነው።»

«ከቤት ከወጣች ስንት ዓመት ሆናት?»

«ሁለት።»

«ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ስንት ሆናት?»

አቶ እንግዳ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ አንድ እጅ አልበቃቸውም። ቆጥረው ሲጨርሱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሰባት» አሉ። «ፀጉሩ የሳሳው እሷ ቤቴ ሳለች ነው። አምስት ዓመት ቀድሞ።»



«እግዚአብሔር አልተቆጣኝም ማለት ነው» አሉ አቶ እንግዳ። «ልጄም አላስቆጣችብኝም።» ይህን ብለው በበርኖሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረታቸው ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ሲወርድላቸው ይታወቃቸው ነበር። ሰው ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱ እንዲህ ያስደስተዋል ብሎ ማን ይገምታል? እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኛል ብሎ ከመኖር ግን በግ መምረጥ አላወቅሁም ብሎ መኖር ሺህ ጊዜ ይቀላል።

«አባባ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ» አለች ገላኔ። «ማንም ንገሪ ብሎ አልላከኝም፤ ግን ሳይሰሙ እንዳይቀሩ። ጸደንያ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሰማንያ ቀኗ መስከረም ሁለት ይሞላል፤ ክርስትናው እዚሁ አቦ ነው።»

አቶ እንግዳ ፊታቸውን ወደ ገላኔ መለሱ። «አምሳለ ታውቃለች?»

«ያውቃሉ መሰለኝ።»

«ታውቃለች። ለዚህ ነው ጠዋት ለፈትል ሁለቱን ተዉልኝ ያለችው። ለሕፃኗ ነው።» ከተቀመጡበት ተነሡ። «ቤታቸውን ታሳዪኛለሽ?»

«አሁን? ከበጎቹ ጋር?»

«በጎቹን የት ልጣላቸው? ደግሞ ነገ ልሂድ ብዬ ካደርኩ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ዝናቡ ሳያባራ አቶ እንግዳ፣ ገላኔና ዝናብ ያበሰበሳቸው አሥራ አንዱ በጎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቅያስ ገቡ። የቆርቆሮውን በር የከፈተችው ጸደንያ ነበረች፤ ሕፃኗን ታቅፋለች። አባቷን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ።

«አባዬ፣ እማዬ ምን ሆነች?»

ከሁለት ዓመት በኋላ አባቷ ደጇ ቢቆሙ ከመርዶ በቀር ሌላ ነገር አልመጣላትም። ይህ ጥያቄ አቶ እንግዳን ከስድብ ሁሉ በላይ ወጋቸው።

«እናትሽ ደኅና ናት። ደኅና ያልነበርኩት እኔ ነኝ። የበጎቼን ዘር እኔው ራሴ አጥፍቼ ጥፋቱን ባንቺ ላይ ደፋሁት። ዓመቱ ሳይለወጥ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ጸደንያ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ እሳቸው ቀድመው ትከሻዋን ያዙ። ሚሳኤል ከሥራ ቤቱ ወጥቶ ይህን ሲያይ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ይግቡ አባባ፤ እነሱም ይግቡ፣ ይበርዳቸዋል» አለ። በጎቹም ግብዣ ሳያስደግሙ ገብተው ከሳንቃው መሐል ተሰገሰጉ። አቶ እንግዳ ሦስት ጊዜ የመለሱት ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ደጁ ላይ አላቆማቸውም።

በበዓሉ ዋዜማ ራጉኤል ቤት ሄደው ሸማኔውን ይቅርታ ጠየቁ። መስከረም ሁለት ቀን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ከወይዘሮ አምሳለ ጋር ቆመው አስነሡ። ጥቁሩን ቀጠቀጡት፤ ለስለት ታስቦ የነበረውን ፀጉረ ብዙ ዳለቻ ወንድ አስቀሩት፤ የአቦ ካህንም ስለቱ በሁለት ዓመት መዘግየቱን ሲሰሙ «ለጠገበ በግማ እንጠብቃለን» ብለው ሳቁ። የበረቱን መሬት በድንጋይ ያነሣው ሚሳኤል ነው። በቀጣዩ ክረምት አንድም ግልገል አልሞተም። በሁለተኛው ዓመት የስድስት በግ ፀጉር አንድ ሙሉ ባና ወጣው፤ ዳለቻውም ልጆቹን ተክቶ ጥቅምት አምስት ቀን ለአቦ ሲገባ፣ አቶ እንግዳ እስከዚያ ቀን ከሰጡት ሁሉ የገዘፈ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም አይተው ያማረ ወንዳቸውን ሳይወልድ ማረድ ተዉ። እንዲህ ነው፤ ሰው ልማዱን በእውቀት ቢያርም ቤቱም ይጠቀማል፣ ስለቱም ይከብራል፣ ሰላሙም ይመለሳል።

በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው ተሰብስበው ስለ በግ አረባቡ ምከሩን ቢሏቸው፣ አቶ እንግዳ ስለ አውራውም ስለ በረቱም አንድ በአንድ አስረዷቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«በጉ በሁለት ዓመት ተመለሰልኝ። የልጅ ልጄ ስትወለድ ግን አልነበርኩም፤ እሱን የሚመልስልኝ እውቀት የለም። እባካችሁ፣ ቤታችሁ አንድ ነገር ሲጎድል በልጆቻችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ።»

ከማኅበርተኞቹ መካከል ሁንዴሳ የሚባል፣ ከበኩር ልጁ ጋር ዓመት ያልተነጋገረ ሰው ነበር፤ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥቶ ወደ ልጁ ቤት ሄደ።