ያልተነገረ ወጪ

በር ጋሪ ላይ ጭኖ የሚገፋ ሰው ወይ ቤት እየሠራ ነው ወይ ቤት እያፈረሰ። አናጺው በዚያ ጠዋት የትኛውን እያደረገ እንደነበረ ብትጠይቁት «ድርሻዬን እየወሰድኩ ነው!» ብሎ ይጮህባችሁ ነበር። ደሙ ፈልቷል። ከሟች እናቱ ቤት የሳሎኑን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ፣ ጋሪ ላይ አስሮ፣ ዳገቱን እያለከለከ ይገፋል። መንገደኛው ዞር እያለ ያየዋል፤ እሱ ግን ማንንም አያይም። በልቡ ከእህቱና ከወንድሙ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው፤ በልብ ጭቅጭቅ ደግሞ ተሸንፎ የሚያውቅ ሰው የለም።

ዳገቱ ጫፍ ላይ የእህቱ ልጅ ከአውቶቡስ ወረደች። ተምራ በአንድ ፋብሪካ የሂሳብ ሠራተኛ የሆነች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ቆይ... ይሄ የአያቴ ሳሎን በር አይደለም እንዴ?»

«ነው። እኔ ሠራሁት፣ እኔ ነቀልኩት። ነገ መስኮቶቹን እደግማለሁ።»

«ገዢው እኮ ዛሬ ከሰዓት ቤቱን ሊረከብ ይመጣል! በር የሌለው ቤት አይቶ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እጥፍ አድርጋችሁ ነው የምትመልሱለት።»

«ያፍርስ! እናትሽና ያ ታናሽ ወንድሜ ከኔ እኩል ሊካፈሉ ነው አሉ። እኩል! ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮውን ማን አስቀየረው? እኔ። አሸንዳውንስ? እኔ። ቀለሙን፣ የደላላውን? እኔ፣ እኔ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ማውጣትዎን ነግረዋቸዋል?»

አናጺው ጋሪውን በድንጋይ አስደግፎ ላቡን ጠረገ። «ምን ይነገራል? ዓይን የላቸውም? ታላቅ ወንድም ታናናሾቹን ‹ይሄን ያህል አወጣሁ፣ አምጡ› ሲል የት አይተሻል? አባታችን እንደዚያ አላሳደገንም። ነውር ነው!»

«በር መንቀልስ ነውር አይደለም?»

አናጺው ዞር ብሎ በሩን ያሰረበትን ገመድ አጠበቀ።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ሲያወጣ «ተዉት፣ እኔ እችለዋለሁ» ይላል፤ ደረቱን ነፍቶ ይከፍላል፤ ማታ ግን አልጋው ላይ ሆኖ ያወጣውን እየቆጠረ ያድራል። ያልተጠየቀ ሰው አልከፈለኝም ብሎ መቀየም ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ይሄኛው እንኳ መዋስም አላስፈለገው፤ በሩን የፈታበት ካቻቢቴ የራሱ ነው።

«አይቆጡ አጎቴ፣ ይስሙኝ» አለች ልጅቱ። «ይሄ ወጪ የእርስዎ አይደለም፤ የቤቱ ነው። ቤቱ ሲሸጥ መጀመሪያ የራሱን ዕዳ ይከፍላል፤ ጣሪያውን፣ ደላላውን፣ ግብሩን። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። ይሄን ከሽያጩ በፊት ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩ ኖሮ ዛሬ በር ይዘው ዳገት አይወጡም ነበር።»

«ይሄ የቢሮ ነገር ነው። ወንድማማችነት ፋብሪካ አይደለም!»

«አይደለም። ፋብሪካ ቢሆንማ ተካስሶ ይለያያል፣ ያበቃል። እናንተ ግን አትለያዩም። ዕድሜ ልካችሁን በየለቅሶውና በየሠርጉ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ከማንም በላይ ጥርት ያለ ሂሳብ የሚያስፈልጋችሁ እናንተ ናችሁ።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።»

«በሽታውን የሸሸገም መድኃኒት የለውም።»

«እሺ ጎበዝ! እነሱ ምን አወጡና ነው ጥርት ያለ ሂሳብ የምታመጪብኝ? እናትሽ አንድ ምስማር ገዝታለች?»

ልጅቱ ይሄኔ ፊቷ ተለወጠ። እስካሁን ስትመክር የነበረችው ልጅ በንዴት ጮኸች። «እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች። ዛሬ ግን መሐላዬን አፈርሳለሁ። የስፌት ማሽኗ የት እንዳለ ያውቃሉ?»

«ጥገና ገብቷል ብላኛለች።»

«ጥገና አልገባም፤ መያዣ ሆኗል! ውዝፍ ግብሩ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም ሲባል ማሽኗን አስይዛ ተበድራ ከፈለች። ልብስ ሰፊ ያለ ማሽን ምን ትበላለች? ለሦስት ወር የሰው ልብስ ቁልፍ በእጇ እየተከለች ነው የኖረችው። ሽያጩ ዛሬ ካልተሳካ ደግሞ አበዳሪው ማሽኑን ይወስደዋል። ከበሩ ጋር ነቅለው የሄዱት እሱን ነው!»

አናጺው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። «ግብሩን እኮ እናታችን በሕይወት እያለች የከፈለችው ነበር የመሰለኝ። ለምን አልነገረችኝም?»

«ታናሽ ለታላቅ ሂሳብ አያቀርብም ብላ ነዋ። የእርስዎኑ ወግ ነው የያዘችው። እሷም ‹ወንድሜ ዓይን የለውም ወይ› እያለች በእርስዎ ስትቃጠል ነው የከረመችው።»

አናጺው ይሄን ሲሰማ ተነሥቶ ጋሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። «ጥሪያቸው» አለ። «ሁለቱንም። ቶሎ በይ!»

በር አልባው ሳሎን ውስጥ ሦስቱ ተገናኙ። ወንበሮቹ ቀደም ብለው ስለወጡ ሁሉም ቆመዋል። እህቱ ባዶውን መቃን አይታ «ጋሼ፣ የእናታችንን ቤት ገፈፍከው?» አለች። አንቱ ስትለው የኖረች እህቱ ናት።

«ማሽንሽን ስታስይዢ ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ጮኸባት።

«አንተስ ጣሪያውን ለምን አልነገርከኝም? ለእኛ አዝነህ እንዳይመስልህ! ቸር ለመባል ነው። በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግከኝ!»

ታናሽየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቁልፉን እጁ ላይ እያሽከረከረ ሲያዳምጥ ቆይቶ መስኮቱ ላይ ወረወረው። «ጨረሳችሁ? አሁን የኔ ተራ ነው። በየዘመዱ ቤት ‹ያ የማይረባ፣ ቤሳ ሳያወጣ ሊካፈል ነው› ስትሉኝ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ቤሳ አላወጣሁም! ግን ይሄን ያህል ይደርስሃል ያለኝ ማን ነው? ከየት ልወቅ? በሕልሜ? እያወቃችሁ ሌባ አደረጋችሁኝ!»

ጥንት ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ቢሆንም ዘግይቶ መነጋገር ጨርሶ ካለመነጋገር ይሻላል፤ ልጅቱም ይሄን አውቃ ጩኸቱ እስኪበርድ አልተናገረችም። ሲበርድ እያንዳንዱን ወጪ በየተራ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገቻቸው። ግብሩ፣ ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ የደላላው። ይህ ሁሉ ከክፍፍሉ በፊት ከሽያጩ ላይ ይነሳ ተባለ። ማሽኑ የተያዘበት ዕዳ ከሁሉ ቀድሞ ይከፈል ያለው ሾፌሩ ነው።

«ቀለሙን ግን ማን ቅባ አለህ?» አለ ሾፌሩ ደግሞ። «ገዢው በራሱ ቀለም እንደሚያስቀባ ነግሮን ነበር።»

አናጺው ፊቱ ደም መሰለ። ወደ እህቱ ልጅ ቢያይ አልረዳችውም። «ቀለሙ የኔ ይሁን» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሳላማክራችሁ ነው የቀባሁት።» ይህቺን ቃል ለማውጣት በሩን ከመንቀል የበለጠ ጉልበት ፈጅቶበታል።

በሩን ወንድሙ ደግፎ ያዘለት፤ እሱ ብሎኑን አጠበቀ። ገዢው ሲመጣ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ተረከበ፣ ከፈለ። በማግስቱ እህቱ ማሽኗን ከመያዣ አወጣች።

ከዚያ ወዲህ አናጺው ሌላ ሰው ሆኗል ልል አልችልም፤ አሁንም ግልፍተኛ ነው። የሚቆጣበት ነገር ግን ተለውጧል። በቀደም ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ የአባታቸውን ሱቅ ከእህቶቹ ጋር ሊሸጡ እንደሆነ ነገረው። ወጪውን ለጊዜው ብቻውን እየቻለው መሆኑንም በኩራት ጨመረበት።

«እና እህቶችህ ያውቃሉ?» አለ አናጺው።

«ኧረ ለምን ብዬ! እህቶቼ አይደሉ? ምን ሂሳብ አለ በመሀላችን?»

አናጺው መጋዙን አስቀመጠ። «አንተ ሰው፣ ዛሬውኑ ጥራቸው! አንድ ምስማር ከመግዛትህ በፊት ምን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያወጣ፣ ከምን ላይ እንደሚነሳ ተነጋገሩ። ያልተስማማችሁበትን አታውጣ። ያኔ ሁሉም ያወጣውን ያገኛል፣ ማንም በማንም አይቀየምም፣ በየዘመዱ ቤትም ስማችሁ በክፉ አይነሣም።»

«ቢከፋቸውስ?»

«ይክፋቸው! የዛሬ ቅያሜ ቢከፋ አንድ ቀን ነው» ብሎ ጮኸበት አናጺው። «እኔ ወንድሜን ‹ሰረቀኝ› ስል ከርሜአለሁ። አልሰረቀኝም። ወጪውን ሳልነግረው ዝም ብዬ ሌባ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»