ሦስቴ የሚረገጠው ፍሪሲዮን

አረፋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ በእሑድ ረፋድ፣ ጋሽ ሽፋ ቡታጅራ በሚገኘው ግቢያቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ከአጥር ማዶ ጩኸት ሰሙ።

“እርገጥ!” ትላለች አንዲት ሴት። “ያዝ! እንዳትለቅ! ... እሺ፣ አሁን ልቀቅ! ልቀቅ ስልህ ብቻ ነው የምትለቀው ብዬህ የለም እንዴ?”

“እግሬ ዛለ እኮ፤ ምን ላድርግ?” ይላል ባልየው።

ጎረቤቶቹ ቤቱን ከተከራዩት ገና ሁለት ወራቸው ነው። ሴትዮዋ ከጎንደር የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት፣ ባሏ ደግሞ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው መሆኑን ከመስማት በቀር ጋሽ ሽፋ ከእነሱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ነገር ግን በእሳቸው ሰፈር የባልና ሚስት ድምፅ አጥር ከዘለለ ሽማግሌ እስኪጠራ አይጠብቅም፤ ይገባል። እናም ቆባቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በልባቸው የማስታረቂያ ንግግራቸውን እያሰናዱ የጎረቤታቸውን የቆርቆሮ በር አንኳኩ።

በሩ ሲከፈት ያዩት ግን ሌላ ነው። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ጎማዎቿ ፊትና ኋላ ድንጋይ ተደርጎባቸው ቆማለች። ከሥሯ ስኒከር የተጫሙ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ባልየው፣ አቶ ፈቃደ፣ በሩን ከፍቶላቸው ተመልሶ መሪው ጋ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

“አሰላሙ ... ማለቴ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ። ነገሩ ምንድን ነው? ማን ማንን በደለ?”

እግሮቹ ተንፏቀው ወጡና መምህርት ዓለምዘውድ ጉንጯ ላይ ጥቁር ዘይት እንደተለቀለቀ ብድግ አለች። “ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ! ማንም አልተበደለም። የፍሪሲዮኑን አየር እያወጣን ነው።”

“እኔ ተበድያለሁ እንጂ!” አለ ፈቃደ። “ከጠዋት ጀምሮ እርገጥ ልቀቅ ስትለኝ ነው የዋለችው። ጋሼ፣ እንደመጡ ይፍረዱልኝ።”

ጋሽ ሽፋ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሆኖም ሠላሳ አምስት ዓመት መሪ ጨብጠው የኖሩ ሰው ናቸውና ሳቁ ቶሎ ወደ ሙግት ዞረ።

“ስሚ ልጄ፤ መካኒክ ጠፍቶ ነው መምህርት መኪና ሥር የምትገባው?”

“መካኒክ አልጠፋም ጋሼ። ግን የመኪናዋ መጽሐፍ የፍሪሲዮኑን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩ ይላል። ሁለት ሰው፣ አንድ የብሎን ቁልፍና አንድ ቱቦ ካለ እቤት ያልቃል።”

“ዘይት ሲጎድል ይጨመራል እንጂ ይቀየራል እንዴ? ፍሪሲዮን እኮ እንደ ሰው ነው፤ ጠባይ አለው። የኔዋን ፒክአፕ ሦስቴ ሰላም ካላልኳት ማርሽ አታስገባም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እረግጣለሁ፤ ከዚያ እሺ ትላለች። አክብሮት ነው የምትፈልገው።”

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር። የመናኸሪያ ሾፌሮች ከጀርባቸው “ጋሽ ሦስቴ” እንደሚሏቸውም ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም። የከፋቸው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው የገበያ ቀን እንሴኖ ላይ ፍሪሲዮኑ ቢረገጥም ማርሹን አልለቅ ብሎ ፒክአፗ ተንደርድራ የማረቆ በርበሬ የተከመረበት ውስጥ ገባች። አላህ አትርፎ ሰው አልተጎዳም፤ ገበያው ግን ከዳር እስከ ዳር ሲያስነጥስ ዋለ። ወሬው አዲስ አበባ ልጃቸው ሙባሪክ ጋ ደረሰና ስልክ ደወለ። “ሐሙስ እመጣለሁ፣ አባ። እኔው ራሴ እሞክራታለሁ። ሦስቴ ካስረገጠችኝ ቁልፉን እወስዳለሁ፤ ለአረፋ በኪራይ መኪና እንሄዳለን።”

ጋሽ ሽፋ በየዓመቱ ለአረፋ ዘመድ አዝማዱን ጭነው ዘቢዳር ተራራ ሥር ወዳለው የትውልድ መንደራቸው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ከኋላ ወንበር እንደ ዕቃ ተጭነው ሲደርሱ፣ ታናናሾቻቸው መንገድ ዳር ቆመው መሪው ጋ ሌላ ሰው ሲያዩ ታያቸው። ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ ምግብ ያልበላላቸው በዚህ ነው።

መምህርት ዓለምዘውድ ይህን አታውቅም። ብቻ ሽማግሌው ከንግግራቸው ይልቅ ዓይናቸው ወደ ቱቦው እንደሚሄድ አየች።

“ፈቄ፣ እስቲ ያችን ሲሪንጅ አምጣልኝ።” መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ውሃ ሞላችና ጫፉን በአውራ ጣቷ ደፈነችው። “ይጫኑት ጋሼ።”

ተጫኑ። ውሃው ንቅንቅ አላለም፤ የመምህርቷ አውራ ጣት ግን ወደ ኋላ ሊሸሽ ምንም አልቀረው።

“አዩ? ጉልበትዎ በውሃው አድርጎ ጣቴ ጋ ደረሰ። የፍሪሲዮን ዘይትም ሥራው ይኸው ነው፤ የእግርዎን ጉልበት ከፔዳሉ ተቀብሎ ማርሹ አጠገብ ላለው ትንሽ ፖምፓ ያደርሳል።” ግማሹን ውሃ ደፍታ ግማሹን በአየር ተካችው። “አሁንስ?”

ሲጫኑት ስምጥ አለ፤ ሲለቁት ተመልሶ ዘለለ። የመምህርቷ ጣት ግን ምንም አልተሰማውም። ጋሽ ሽፋ ደግመው ተጫኑ። ሠለሱ።

“አየሩ ጉልበትዎን ይበላዋል፣ ጋሼ። እርስዎ ሦስቴ ሲረግጡ ሰላም እያሏት አይደለም፤ አየሩን እየለመኑት ነው።”

ፈቃደ “አቤት መምህርት!” ብሎ አጨበጨበ። ጋሽ ሽፋ ግን ሲሪንጁን አገላብጠው አዩት። ሰው የሠላሳ አምስት ዓመት ልማዱ በአንድ ሲሪንጅ ሲፈርስ ወዲያው አይስቅም።

“እሺ፤ አየር ይሁን። አየሩ ከየት ይገባል?”

“ዘይቱ ሲጎድል፣ ወይ ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎማ ሲያረጅ። ዘይቱ ራሱም ቢሆን ክዳኑ ተከፍቶ እንደተተወ ጨው ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ሲቆይ ይጠቁራል፣ ብረቱን ያዝገዋል። ለዚህ ነው ከመጨመር መቀየር የሚሻለው።”

“የኔዋ ጎማ አያረጅም” አሉ ጋሽ ሽፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ የምስጢር ፈገግታ ታየ። “እኔ የማጠጣትን እኔ ነኝ የማውቀው።”

መምህርቷ ይህ ፈገግታ አላማራትም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከባሏ ጋር ወደ ጋሽ ሽፋ ግቢ ጎራ አለች። የፒክአፗ ኮፈን ተከፈተ፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት የሚቀመጥባት ትንሽ ጣሳ ክዳኗ ተነሣ። ዓለምዘውድ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ አሸተተች። ከዚያ ባሏን ጠራችው።

“ፈቄ፣ እስቲ አንተም አሽትት።”

አሸተተ። “ክትፎ አማረኝ” አለ።

ጥቁሩ ዘይት ላይ ነጫጭ ጓል ተንሳፏል።

“ጋሼ፣ እኔ እስከ ዛሬ ኮሰረት የሚሸት የፍሪሲዮን ዘይት አላየሁም።”

የጋሽ ሽፋ ባለቤት እመት ዘይባ ከጓዳ በር ላይ ሆነው ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “የኔ ንጥር ቅቤ! አይጥ ነው የሚበላብኝ ብዬ ድመት ያመጣሁት ... አንተ ነህ?”

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። ባለፈው ክረምት ጋሽ ሽፋ ዘቢዳር አናት ላይ ዘይት ፈሶባቸው ማርሽ እምቢ ሲላቸው፣ ተሳፋሪ የነበረች ቅቤ ሻጭ ከእንስራዋ አንድ ማንኪያ ሰጠቻቸው። ሞተሩ ላይ አቅልጠው ጨመሩት፤ ቡታጅራ ገቡ።

“ጠፍር ቅቤ ካልነካው ይደርቃል፤ ፀጉርም እንደዚያው። ጎማ ደግሞ የቆዳ ዘመድ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው አንድ አንድ ማንኪያ ... ወላሂ፣ ለሷ ብዬ ነው!”

“ፍሬኑስ?” አለች ዓለምዘውድ፤ አሁን አልሳቀችም። “ፍሬኑ ውስጥም ጨምረዋል?”

“ኧረ አላህ ይጠብቀኝ! ፍሬን አልነካሁም።”

ሁሉም ተነፈሱ። እሷ ያንን ማንኪያ ቅቤ ልትቀልድበት ትችል ነበር፤ ሰፈሩ ዓመት ሙሉ የሚስቅበት ነገር ነው። እሷ ግን ኮፈኑን ተደግፋ ለአባቷ እንደምትነግር ነገረቻቸው።

“ጋሼ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሳይገጩ ነድተዋል፤ ይሄን ማንም አይወስድብዎትም። ግን ያን ቀን ያደረስዎት ጥንቃቄዎና ዕድልዎ ነው እንጂ ቅቤው አይደለም። ቅቤና ይሄ ዘይት አይዋሃዱም። ጎማው ቅቤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ከቦታው አይመጥንም። ማለዳ ሲበርድ ደግሞ ቅቤው ይረጋል። እስቲ ጠዋት ጠዋት አይደል የምትብስብዎት?”

“ጠዋት ነው” አሉ ጋሽ ሽፋ በቀስታ። ከዚያ የያዙትን ሁሉ አወጡ፤ የሙባሪክን ስልክ፣ ሐሙስን፣ የኋላ ወንበሩን። “ቁልፉን ከሰጠሁት አይመለስልኝም፣ ልጄ። እኔ ሽማግሌ የምሆነው ያን ቀን ነው።”

“ሐሙስ ገና ሦስት ቀን አለው” አለች መምህርቷ እጅጌዋን እየጠቀለለች።

የቤት ሥራውን እቤት፣ የባለሙያውን ለባለሙያ አሉና ያበጡትን የፖምፓ ጎማዎች ለመቀየር አቡሽ የሚባለው መካኒክ ተጠራ። ረቡዕ መጥቶ ከፔዳሉና ከማርሹ አጠገብ ያሉትን ሁለቱንም ፖምፓዎችና መስመሩን አጠበ፤ አዲስ ጎማ አስገባ። ጋሽ ሽፋ ከሙስተፋ የመለዋወጫ ሱቅ ዘይት ሲገዙ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው የጣሳው ክዳን ላይ የተጻፈውን ከአዲሱ ጠርሙስ ጋር አስተያዩ። የተከፈተ ጠርሙስ ሲሰጧቸውም “ያልተከፈተ አምጣ፤ ይሄ እርጥበት ጠጥቷል” ብለው ባለሱቁን አስደነቁት።

አየር ማውጣቱ ለሐሙስ ጠዋት ቀረ። መምህርቷ ግን በዚያ ሰዓት ፈተና አለባት፤ የሚደረገውን በወረቀት ጽፋ፣ ፈቃደ ያመጣውን አዲስ የግሉኮስ ቱቦ አክላ ሰጠቻቸው።

“ታዲያ ማን ይረግጣል?” አሉ ጋሽ ሽፋ ዙሪያቸውን እያዩ። ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው።

“እኔ?” አሉ እመት ዘይባ። “አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠኸኝ አታውቅም!”

“ዛሬ አስቀመጥኩሽ።”

ጎማዎቹ በድንጋይ ተያዙ፤ ጣሳው እስከ ምልክቱ ሞላ። ጋሽ ሽፋ ዓይናቸውን በመከላከያ መነጽር ሸፍነው ከሥር ገቡ። የቱቦውን አንድ ጫፍ የታችኛው ፖምፓ የአየር ማውጫ ላይ ሰኩ፤ ሌላውን ጫፍ አዲስ ዘይት ባለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ነከሩ።

“እርገጪ! ... ያዢ!” ብሎኑን ሩብ ዙር ፈቱ። አረፋው በቱቦው ውስጥ ተንጣጣ። ብሎኑን መልሰው አጠበቁት። “ልቀቂ!”

እግሩ ሳይነሣ ብሎኑ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። በየአምስት ርግጫው ደግሞ ጣሳው መሞላት አለበት። ወረቀቱ ላይ ከሥሩ ተሰምሮበታል። አንዴ እመት ዘይባ ቀድመው ለቀቁ፤ ጋሽ ሽፋም ድምፃቸው ሰፈሩን አናወጠው።

“ሳልልሽ ለቀቅሽ! እንደገና! እርገጪ! ያዢ! ያዢ እንጂ!”

በዚህ መሐል የግቢው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ሙባሪክ ነው፤ ቦርሳው ከትከሻው ሳይወርድ እየሮጠ ገባ።

“አባ! ኧረ በአላህ፣ ለበዓል ምነው እማን እንዲህ ትጮህባታለህ?”

እመት ዘይባ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። “ዝም በል፣ አትረብሸኝ! ገና ልቀቂ አልተባልኩም!”

ሙባሪክ ባለበት ቀረ። ቱቦው ውስጥ አሁን አረፋ የለም፤ ዘይቱ እንደ ማር ጠርቶ ይወርዳል። ጋሽ ሽፋ ብሎኑን አጥብቀው ወጡ። ቀለሙን የነካውን ዘይት ቀለም ስለሚበላ ቶሎ በውሃ አጠቡ፣ የወጣው ዘይት ያለበትን ጠርሙስ ከደኑ፣ ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ ለአቡሽ ጋራዥ አስቀመጡት። ከዚያ ቁልፉን ለልጃቸው ዘረጉ።

“በል ሞክራት።”

ሙባሪክ ሞተር አስነሣ። ፔዳሉን አንዴ ረገጠ። ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ወደ ኋላ ማርሽ፤ ገባ። ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አላት። ወርዶ አባቱን ትኩር ብሎ አየ።

“አባ፣ እንዲህ ልስልስ ያለችው ምን ቀብተሃት ነው?”

እመት ዘይባ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። “ጠይቀው! ጠይቀው እስቲ!”

ሙባሪክ ታሪኩን ሰምቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ቁልፉንም አባቱ መዳፍ ውስጥ አኖረው።

አርብ፣ ከኢድ ሶላት በኋላ ሊነሡ ሲሉ፣ ጋሽ ሽፋ መናኸሪያው ጋ ቆመው ለሾፌሮቹ ንግግር አደረጉ። ዘይት በጊዜው ከተቀየረ ፖምፓ አይዝግም፣ በውስጡ ያለው ጎማ አያልቅም፣ የማርሹ ካምቢዮ አይፋቅም፤ መኪናዋ ሰው መሐል በራሷ አትሮጥም። ሥራው የአንድ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል። “ሁለተኛው ሰው ደግሞ ሚስትህ ብትሆን ክብርህ አይነካም” አሉ። “የማታውቀውን ከልጅ መጠየቅም አያሳፍርም። እኔ ሦስቴ ስረግጥ የኖርኩት እግሬ ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን ባለመጠየቄ ነው።” አንዱ ሾፌር “ቅቤውስ ጋሼ?” ሲል “ቅቤው ዛሬ ጠዋት ለመምህርቷ በማሰሮ ደርሷታል፤ ክትፎዋን ትበላበት” ብለው መለሱ።

ዘመዱ ሁሉ ከኋላ ተጫነ። እመት ዘይባ ዘንድሮ ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ሽፋ ፔዳሉን አንዴ ረገጡ፤ ማርሹ ገባ። ግራ እግራቸው ግን ልማዱ አልለቀው ብሎ ለሁለተኛው ርግጫ ከፍ አለ።

“ሽፋ!” አሉ እመት ዘይባ መንገዱን ትኩር ብለው እያዩ። “እርገጥ አልተባልክም!”

እግሩ ወረደ፤ ፒክአፗም በሳቅ ተሞልታ የዘቢዳርን ዳገት ያዘች።