የማይቆጠር ዕቃ

...ያንን ጫፍ ወጠር አድርገሽ ያዢልኝ፣ እህት ዓለም። እንዲህ። መጋረጃው ከወረደ ወዲህ ይሄ ክፍል ብርሃን አገኘ፣ አይደል? እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን አጥብባ ስትሰፋ እኛ እርጅና ነው እንላለን፤ ለካ መጋረጃው ኖሯል። ነፋሱም ደስ ይላል። የትናንቱ ሙቀት ግን ምን ነበር ባክሽ?

ካሚዮኑ ይጠብቅ። ሾፌሩን ጥላ ሥር ተቀመጥ በይው። ሶፋ እንዴት ራቁቱን ይጫናል? መንገድ ላይ ቢቧጨርስ? እኔ አላስችል ብሎኝ ነው ልብስ የምሰፋለት። የእናታችን አሮጌ አንሶላ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ደግሞ የሚሄድበት የወንድማችን ቤት የዋዛ ቤት አይደለም። ወለሉ ፊት ያሳያል። አንድ ቀን ሄጄ፣ ጫማዬን ደጅ አውልቄ፣ የት እንደምቀመጥ እስኪነገረኝ ቆምኩ... ቆምኩ... ወጣሁ። ንጽሕናው ግን ዓይኔ ላይ ቀረ።

ድምፅሽን ቀንሺ ትያለሽ? ምን ላድርግ፣ የስፌት መኪናዋ ስትሰፋ ትጮሃለች፣ እኔም አብሬ እጮሃለሁ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ እንዴ? በሩ ገርበብ ብሏል... ቢኖርስ? ክፉ ነገር አልተናገርኩ።

እኔ ሰው ሳመሰግን ነው የምታገኚኝ። ትዝ ይልሻል፣ በወንድማችን በኩል ወደ ቤታችን የገባች አንዲት አስተማሪ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እንግሊዝኛ ስታስተምረን? ያውም በነፃ። አሁን እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ያልጠየቅናትን ሁሉ ነበር የምታስተምረን።

የማይቆጠሩ ነገሮች የሚለው ትምህርት እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ውሃ አይቆጠርም። ሩዝ አይቆጠርም። ፀጉር፣ ራስሽን ሞልቶ ትከሻሽ ላይ ቢፈስም፣ ለእንግሊዝኛ አንድ ነው፤ ግሱ ‘ኢዝ’ ነው፣ ‘አር’ አይባልም። ስትጠሪውም ‘ኢት’ እንጂ ‘ዘይ’ ማለት የለም። አንቺ ‘ዘይ’ ብለሽ ስታፍሪ፣ እሷ እንዴት በፍቅር እንደሳቀችብሽ... እስኪበቃት ነው የሳቀችው።

ምክርም አይቆጠርም። አንድ ምክር፣ ሁለት ምክር አይባልም፤ ልክ እንደ ዳቦ በቁራሽ ነው የሚሰጠው አለችን። እሷ ግን ቸር ናት። ቁራሽ አታውቅም፣ ሙሉውን ዳቦ ነው አፍሽ ላይ የምታስቀምጠው። ስለ አለባበስሽ፣ ስለ አነጋገርሽ፣ እኔ ስለምን እንዳላገባሁ... መቼም ጠግበን ነው ያደግነው።

እርዳታም እንደዚያው። አይቆጠርም። እናታችን በታመመች ጊዜ የረዳችንን ዛሬ ድረስ ቆጥሬ አልጨረስኩም። አልጀመርኩም ማለቴ ነው። ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ጨርቁ ይጨማደዳል።

ዜናስ? እሱን በደንብ ነው የያዝኩት። ‘ኒውስ’ መጨረሻው ላይ ብዙ ይመስላል፣ ግን አታላይ ነው፤ አንድ ነው፤ ‘ኢዝ’ ነው። እውነትም እኛ የነበረን አንድ ዜና ብቻ ነው። እናታችን ተኝታለች፣ ነይና እያት። ስልኳ ግን ስንቴ ጠራ? ስልክ ይቆጠራል መሰለኝ። ያው የአስተማሪ ነገር፣ ፈተና ታርማለች፣ ስብሰባ አለባት፤ ሰው በሙሉ ልቡ ሲሠራ ጆሮውም ሥራ ይበዛበታል። አልፈርድባትም።

እንባን ግን የሚቆጠር ውስጥ ነበር ያስገባችው። ያኔ አልገባኝም ነበር። እንዴት ውሃ ሳይቆጠር እንባ ይቆጠራል ብዬ ተከራክሬያታለሁ። የእናታችን ለቅሶ ላይ ነው የገባኝ... አጠገቧ ነበር የተቀመጥኩት። ትክክል ናት። ያለምንም ችግር ይቆጠራል።

እስቲ መቀሱን አቀብይኝ።

ከሁሉም ግን ፈርኒቸር። ሶፋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ አልጋው፣ ወንበሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆን አይቆጠርም አለችን። ቤት ሙሉ ዕቃ በአንዲት ‘ኢት’ ይጠቃለላል። የት ነው ያለው? እዚያ ነው። ማን ወሰደው? እሷ... ይቅርታ፣ ምሳሌው እንዲህ አልነበረም፣ ተምታታብኝ።

ለዚህ ነው ባለፈው ስንሰበሰብ ምንም ያልተናገርኩት። ‘ልብሱና የወጥ ቤቱ ለእናንተ ይሁን፤ ፈርኒቸሩ ግን አይበታተን፣ እኛ ጋ ሰፊ ቦታ አለ’ ሲባል፣ አንቺ ብድግ ልትዪ ስትይ ጉልበትሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንድማችን ነው የተናገረው። ድምፁም የእሱ ነበር። ቃሉ ግን... ጎበዝ አስተማሪ በምን ይታወቃል? ተማሪው አንዲት ፊደል ሳይስት ሲያነበንብ አይደል?

ያኔ የስፌት መኪናዋን ማንም አላነሳትም። እኔም ምን አስነሳኝ? እናታችን በቁሟ ‘እሷ ያንቺ ናት’ ብላ እጄን መዘውሯን አስጨብጣኛለች፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አብረን ሰፍተንባታል። ሰኞ የሚወሰዱት የተማሪ ዩኒፎርሞች አልጋዬ ላይ ተቆልለው ትቻቸው ነው የመጣሁት። ሌላ የምበላበት የለኝም፣ ታውቂያለሽ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ግን ወገቧ ላይ ገመድ ታስሮ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ለካ ጠረጴዛዋ እንጨት ነው። እንጨት ካላት ደግሞ ፈርኒቸር ናት ተባለ። እኔ ምን አውቃለሁ? የተማረ ሰው ካለው። ገመዱን ፈትቼ ወደዚህ የገፋኋት ለሶፋው ልብስ ልሰፋ ብዬ ነው። ለጊዜው ነው... ለጊዜው።

ደግሞ ምን እንዳሰበችላት ሰማሽ? የአበባ ማስቀመጫ። በር ላይ፣ መስታወቱ ሥር፣ ላይዋ ላይ ዳንቴል ተነጥፎ። ዘመናዊ ቤቶች እንደዚያ ነው አሉ የሚያደርጉት። መርፌዋ እንግዳ እንዳይወጋ ይነቀላል። ሲያስቡት እኮ ያስደስታል። ያን ጊዜ፣ ትምህርቱ ላይ፣ ‘ይቺ ነገር ጭንቅላቴን ትበጠብጠዋለች፣ ወደ ጓዳ ብትወስዷት’ ያለ ሰው ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ከክብር እንግዳ በፊት ሊያስቀምጣት? እናታችን እግሯን ከመርገጫው አንስታ፣ እስክንማር እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ነበር። ተማሩ ብላ። ትዕዛዝ አድርሳለሁ ያለችው ልብስ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ...

እስቲ ክሩን በመርፌው አስገቢልኝ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል።

ሾፌሩ ነው የሚጣራው? ሌላ ጭነት አለብኝ አለ? ምስኪን። ይኸው እየተጣደፍኩለት ነው። የሶፋው ሲያልቅ የወንበሮቹን እጀምራለሁ። ከዚያ የአልጋውን ራስጌ። ቁም ሣጥኑም ጥሩ ልብስ ይፈልጋል፣ መስታወት አለው። ጨርቅ እንደሆነ አይቆጠርም፣ ክርም አይቆጠርም፤ ሥራም አይቆጠርም ብላናለች፣ ታዲያ የማይቆጠር ነገር መቼ ያልቃል? የመጨረሻው ደግሞ የመኪናዋ የራሷ ልብስ ነው። እሱን ሳስበው ነው የተቸገርኩት። እሷን ተሸክመዋት ከሄዱ የእሷን በምን እሰፋዋለሁ?

እዚያው ቁጭ በይ። አትነሺ። እኔም አልነሳም። የምትሰፋ ሴት ከነወንበሯ ተሸክሞ ካሚዮን ላይ የጫነ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ወንድማችን ይምጣና ይሞክር፤ ጉልበት አለው፣ እዚያ ቤት ሶፋ ሲያዘዋውር ነው የሚውለው።

ከመኝታ ቤቱ የሚመጣ የጫማ ድምፅ ነው እሱ? ሂል ነው። ሰላም በያት። እኔ መርፌው ላይ ስላፈጠጥኩ ቀና ማለት አልቻልኩም፣ ነውር አይሁንብኝ። ባዶ እጇን ነው የምትሄደው? ትሂድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ሶፋው አሁን ሊወጣ ይችላል፣ ልብሱን ለብሷል። ሾፌሩን ጫን በይው። ሌላው ሲደርስ ይደርሳል።

እኔ መቼም ለሰው ክፉ አልመኝም፣ ታውቂኛለሽ። እንዲያውም ልመርቃት። ዕድሜ ይስጣት፣ የእናታችንን ያህል። ልጇ አድጎ፣ ወግ ማዕረግ አይታ፣ እግዜር ቁርጥ እሷን የመሰለች ምራት ይስጣት። ቁርጥ እሷን። የተማረች፣ ቤቷ ፊት የሚያሳይ። እርጅናውም ሲመጣ፣ ትራስ ተደግፋ በር በሩን ስታይ፣ ያቺ ምራት እሷ እናታችንን እየመጣች የጠየቀቻትን ያህል ትጠይቃት... አንዲትም ቀን ሳታጎድል።

አሜን በይ እንጂ።

የውጭው በር ተዘጋ።