ጋሼ ቶዮታ እና ቀይዋ መብራት

የመኪና መመርመሪያው ግቢ የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ነው፤ ሹፌሮች ግን ከአንድ ሰዓት ጀምረው አጥሩን ተከትለው ይሰለፉና ወሬ ይሰልቃሉ። የዚያን ቀን ጠዋት የወሬው መሪ ጋሼ ቶዮታ ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ስለ ሚኒባሳቸው አውርተው ስለማይጠግቡ ሰፈርተኛው በዚህ ስም ጠራቸው፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀበሉት።

«ይቺን ሚኒባስ ስገዛ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ከእናንተ ግማሹ ገና አልተወለደም። እስከ ዛሬ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም! ቶዮታ መቆም የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ስፔሩስ፣ መለዋወጫ ዕቃውስ ቢሆን!» አለ ፒክአፕ የሚነዳው ጎልማሳ። «ምስማር ልገዛ ገብቼ እንኳ የቶዮታ ዕቃ አይቼ እወጣለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሌላ መኪና ነበረኝ» አሉ መነጽር ያደረጉ አስተማሪ። «ምቾቱስ ምቾት ነበረው። ዕቃው ሲጠፋ ግን ሦስት ወር በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ምቾት ይቅርብኝ ብዬ ወደ ቶዮታ ገባሁ።»

«አንድ ችግር ብቻ አለበት» አለ ከኋላ የቆመው ነጋዴ። «ከባለቤቱ እኩል ሌባም ይወደዋል።»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ቶዮታም ሳቁ።

እኛ ግን እውነቱን እንናገር ካልን፣ ጋሼ ቶዮታ «አንድም ቀን» ሲሉ አንዲት ቀን ሳይቆጥሩ ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ይህችው ሚኒባስ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ እምቢ ብሎ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላትማለች። ሌላ ሰው አልተጎዳም፤ ከፊት የተቀመጡት ታላቅ እህታቸው ግን እግራቸው ተሰብሮ እስከ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄዱት። ለጠየቃቸው ሁሉ ጋሼ ቶዮታ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ካቻቪቴ ፍሬኔን አበላሽቶ ሰጠኝ።» ካቻቪቴ የሚባሉት ጆሯቸው ላይ የብሎን መፍቻው ካቻቪቴ የማይለያቸው መካኒክ ሲሆኑ፣ የልጅነት ጓደኛቸውም ነበሩ። ወሬው ተሰማ፤ ደንበኛው አንድ በአንድ መኪናውን እየጎተተ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላ ጋራዡ ተዘጋ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ ወዲህ ሲተያዩ መንገድ ይቀያየራሉ።

በሩ ተከፈተ። ተራቸው ደርሶ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት መርማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ጋሼ ቶዮታ ገና ሲያዩዋት ክው አሉ። ዓይኗ የካቻቪቴ ዓይን ነው። ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ከኋላ መኪና፣ ወደ ፊት እንዳይሄዱ ከፊት መኪና።

«ደህና አደሩ ጋሼ?»

«ደህና… እግዜር ይመስገን። አንቺ የካቻቪቴ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ» አለች። «እኔ መመርመሬ ቅር ካሰኘዎት ሌላ ሰው ልጠራልዎት እችላለሁ።»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል!» አሉ። በጣም ቅር ብሏቸው ነበር።

ልጅቷ ኮፈኑን ከፍታ ጎንበስ አለች፤ ጎማዎቹንም ዞራ አየች። ብዙም አልቆየችም።

«የፍሬን ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል፤ የፊቱ የፍሬን ሸራም አልቋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ዛሬ ማለፍ አትችልም።»

«አትችልም? ስሚኝ ልጄ፤ አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ ጀምሮ ነው የምነዳት። መኪና በጆሮ ነው የሚታወቀው። የታመመ ሞተር ገና በሩቁ ነው የምለየው።»

«ጆሮዎን አልጠራጠርም። ግን የጎደለ ዘይት ምን ድምፅ አለው?»

ጋሼ ቶዮታ ወደ ለመዱት ሙገሳ ዞሩ።

«ይሄ እኮ ቶዮታ ነው! ዓለም የመሰከረለት፣ መቆም የማያውቅ መኪና ነው።»

«ይህ ድርጅት ከምን እንደተነሳ ያውቃሉ ጋሼ?»

«ከመኪና ነዋ! ከሌላ ከምን ይነሳል?»

«ከሽመና ነው የተነሳው።»

«አትቀልጂ እንጂ!»

«አልቀለድኩም። የመሥራቹ አባት የአናጢ ልጅ ነበር። ሴቶች ሲሸምኑ ሲለፉ እያየ ነው ያደገው፤ እናቱም ከእነሱ አንዷ ነበረች ይባላል። ያኔ የነበረው የሽመና ማሽን አንድ ክር ሲበጠስበት ዝም ብሎ መሸመኑን ይቀጥላል። ሸማኔዋ እስክታየው ድረስ ክንድ ሙሉ ጨርቅ ይበላሻል። እሱ ብዙ ዓመት ደክሞ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ ክር ሲበጠስ በራሱ ጊዜ የሚቆም ማሽን ሠራ። እንግሊዞች ሳይቀሩ የፈጠራ መብቱን ገዙት። መኪና መሥራት የጀመረው ልጁ ነው። የቤተሰቡ ስም ቶዮዳ ነበር፤ ለመኪናው ቶዮታ አሉት።»

«እሺ፤ እሱና የኔ ፍሬን ምን አገናኛቸው?»

«እርስዎ ቶዮታን የሚያመሰግኑት አይቆምም ብለው ነው። ድርጅቱ ግን መጀመሪያ ስም ያገኘው መቆም በሚያውቅ ማሽን ነው። ፋብሪካቸው ውስጥም ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቶ ነበር። ማንም ተራ ሠራተኛ የተጣመመ ብሎን ካየ ገመዱን ይስባል። አለቃው ሮጦ ይመጣል፤ ቶሎ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል።»

«በይ ቆመ እንበል! እዚያ ፋብሪካው ቢቆም ደመወዙ አይቆምም። እኔ አንድ ቀን ስቆም ተሳፋሪዬን ሌላው ይወስደዋል። ደግሞስ ገመዱን የሳበውን ሰውዬ አለቃው ልክ አያገባውም?»

«ተሳፋሪ ላሉት ልክ ነዎት፤ የቆመ ሹፌር እንደሚጎዳ እኔም አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «አለቃው ግን ይጠይቀዋል እንጂ አይቆጣውም። ‹ለምን ሆነ?› ይለዋል፤ መልሱን ሲሰማ እንደገና ‹እሱስ ለምን ሆነ?› ይለዋል። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፤ ሥሩን ለማግኘት ነው። መኪናውን ሰው የወደደው የማይሳሳት ሰው ሠርቶት አይደለም ጋሼ። ስህተትን ቶሎ መናገር ስላላሳፈራቸው ነው።»

የተማረ ሰው ሲያስረዳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የጋሼ ቶዮታ ልማድ ነበር፤ የዛሬው ነገር ግን ከጆሯቸው አልወጣላቸውም።

«ለማንኛውም» አለች፣ «መኪናዋ ራሷ ነግራዎታለች። ዘይቱ ሲወርድ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። አልበራም?»

«ኧረ ምንም አልበራ!»

ልጅቷ በሩን ከፍታ ገባችና ቁልፉን አዞረች። የፍሬኗ ቀይ መብራት አልታየችም። ወደ ዳሽቦርዱ ጠጋ ብላ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ነበር፤ ከመክረሙ የተነሳ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ሆኗል። ጫፉን ስታነሳው ከሥሩ ቀይዋ መብራት ፍም መስላ ታየች።

«ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሼ ቶዮታ በኩራት ጭምር። «ቀይ መብራት ሲያይ ተሳፋሪ ይፈራል፤ ‹ውረድ ምንድን ነው እሱ?› እያለ ይነዘንዘኛል። ሁሉም ሹፌር የሚያደርገው ነው።»

«መቼ ነው የለጠፉት?»

«ኧረ የጥንት ነው! ገና እህቴ እግሯ ሳይ…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። መዋጥም አልቻሉም፤ ወጥቷል። ልጅቷ ከወንበሩ ላይ ሆና አየቻቸው።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሲናገሩት የኖሩትን ነገር፣ ዛሬ ማንም ሳያስገድዳቸው በገዛ አፋቸው አፈረሱት። ሰው ውሸቱን ደጋግሞ ሲናገር ራሱም ያምነዋል። ጋሼ ቶዮታም አምነውት ነበር፤ ፕላስተሩን ግን ረስተውት ነበር።

«አባትሽ ነግሮኛል» አሉ በመጨረሻ። «ሐሙስ ቀን ነበር። ‹ዘይቱ እየወረደ ነው፤ ሸራው አልቋል፤ እዚሁ አቁማት፣ ቅዳሜ ጨርሼ እሰጥሃለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ዓርብ ሰው የማደርስበት ጉዳይ ነበረኝ። ‹ቶዮታ ነች፣ ምንም አትሆንም› ብዬው ወጣሁ። መንገድ ላይ መብራቷ አስጨነቀችኝ፤ ለጠፍኩባት። ሆስፒታል ውስጥ እህቴ ‹ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?› ስትለኝ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ‹ካቻቪቴ ነው› አልኳት። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሳት?»

ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

«እኔ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለች። «ጋራዡ የተዘጋ ሰሞን እራት ላይ ተቀምጠን ‹አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ረስተኸው ነው አይደል?› አልኩት። ምግቡን ትቶ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። ዝም ሲል አምኛለሁ ማለት መሰለኝ። እርስዎ ለሰፈሩ ነው የነገሩት ጋሼ፤ እኔ ግን ልጁ ሆኜ አመንኩዎት።»

ጋሼ ቶዮታ ብትሰድበኝ ኖሮ ይሻል ነበር ብለው አሰቡ።

«እና አሁን ምን ላድርግ?» አሉ። ጋሼ ቶዮታ ምክር ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሚኒባሷ እዚህ ትቆማለች። ስለ ሌላው እኔ ልነግርዎት አልችልም።»

ጋሼ ቶዮታ ወደ ሰልፉ ተመለሱ። ባለፒክአፑም፣ አስተማሪውም፣ ነጋዴውም ነበሩ። «ስሙኝ» አሉ፤ ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ነበር። «ፍሬኔን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ካቻቪቴ አትንዳት ብሎኝ ነበር። መብራቷን በፕላስተር ሸፍኜ ነዳኋት፤ ጥፋቴን እሱ ላይ ለጠፍኩ።» አንድም ሰው አልሳቀም። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ሄደና ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር መፋቅ ጀመረ፤ አስተማሪውም የራሳቸውን ሊፍቁ ሄዱ።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ የሚያስቆጨውም እሱ ነው። ሐሙስ ቢቆሙ ቅዳሜ ይነዱ ነበር። ዘይቱን በየሳምንቱ ያየ፣ ሸራውን በጊዜ የቀየረ፣ የበራ መብራት ሲያይ ዳር ይዞ የቆመ ሹፌር የሚያጣው የአንድ ቀን ገበያ ነው። ያላየ ደግሞ የእህቱን እግር፣ የጓደኛውን ጋራዥ፣ የአንዲት ልጅ በአባቷ ላይ የነበራትን እምነት ያጣል፤ እነዚህን የሚሸጥ የስፔር ሱቅ የለም። ስህተትንም እንዲሁ፣ በዚያው ሰዓት የተናገረ አንድ ጊዜ ያፍራል፤ ያልተናገረ ግን እያንዳንዱን ቀን እያፈረ ይኖራል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቶዮታ መጀመሪያ እህታቸው ዘንድ፣ ከዚያ በእግራቸው ካቻቪቴ ቤት ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ካቻቪቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የጎረቤት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፈተዋል፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ጋሼ ቶዮታ ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ሐሙሱን፣ መብራቷን፣ ሆስፒታሉን። ካቻቪቴ ቀና አላሉም። ብሎን እየፈቱ፣ ብሎን እያሰሩ ሰሙ።

«ይሄን ለማን ለማን ነገርክ?» አሉ በመጨረሻ።

«ለሹፌሮቹ ሁሉ። ለእህቴም ነግሬያት መምጣቴ ነው። ነገ ደግሞ ሰፈር ውስጥ…»

«ሰፈሩን ተወው። ልጄ ሰምታለች?»

«እሷ ፊት ነው ያልኩት።»

ካቻቪቴ የያዙትን አስቀመጡ።

«ያን ማታ ስትጠይቀኝ» አሉ፣ «አልረሳሁም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን እንደማታምነኝ ገባኝ። ተነስቼ ወጣሁ።»

ይቅርታ የምትለው ቃል እንኳ ለጋሼ ቶዮታ አነሰችባቸው። ካቻቪቴ በእጃቸው ባዶውን ወንበር አመለከቱ።

«ልጄ ቤት የምትገባው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ግባና ተቀመጥ፤ ስትመጣ ብቻዬን መሆን አልፈልግም።»